መርዶ ያልደረሰው

ዉች ከተማ፣ ጥጥ መፍተል ባቆመ ፋብሪካ፣
ዶብሮስዋቫ ትሸምናለች፤
ድሩን ከድረ ገጽ፣ ማጉን ከሱፍ ለክታ፣
የአባቷን ስልክ ይዛ ታነባለች።

ዜኖን ከተቀበረ ሦስት ክረምት ሆነው፤
ጎረቤት አልቅሷል፣ ጡረታው ተቋርጧል፣
መርዶ ያልደረሰው ገበያው ብቻ ነው፣
በየማለዳው ደጁን ያንኳኳል፦

«ዜኖን፣ ለጉልበትህ ቅባት!»
«ዜኖን፣ ቁጥር አርባ ሦስት ጫማ፣ በግማሽ ዋጋ!»
«ዜኖን፣ ቅርጫትህን ረስተኸዋል።»

እያንዳንዷን ጥሪ በቀይ ክር ሸመነች፤
ምንጣፉ ከጣሪያ ወርዶ ወለሉ ላይ ተጠቀለለ።

«ስልኩን ለምን አትዘጊውም?» አለ አንድ ጎብኚ።
መወርወሪያው ሄደ፣ መጣ።

ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ለዘበኛው ብቻ፦
«በስሙ የሚጠራው
ሌላ ማን ቀረና?»