የተገለበጠ መጥረጊያ

ወይዘሮ ቶሺኤ ቤታቸውን ሸጠው፣ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ፣ ሌዝብሪጅ፣
በመስከረም ማለዳ፣ ዛፍ አቅፈው ቆሙ ከኔ ደጅ።
ቁመቱ ከክንዴ ያንሳል፤
በዕድሜ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል።
«ዘልኮቫ ነው» አሉኝ፣ «ሟቹ ባሌ ከፍሬ ያበቀለው፤
መጥረጊያ ነው፣ እየው፤ እጀታውን መሬት የተከለው።»
እውነታቸውን ነው። ግንዱ አንድ፤
ከዚያ በላይ ጭራሮው ሁሉ ወደ ሰማይ ተበትኖ፣
ደመና ሊጠርግ የተነሣ ይመስላል፣ ከሻይ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ።
መቀስ ሰጡኝ፣ ለስላሳ ሽቦ፣ እና አንድ ቃል፦
«ስታጠጣው ከሥር እስኪንጠባጠብ ቁም፤ ውሃ የቸኮለ ሰው ያውቃል።»

እኔ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ።
ውሎዬ በካልጋሪ ፎቆች ሆድ ውስጥ ነው፣ በገመድና በዘይት፤
ወጥቶ የቀረውን ማውረድ፣ ወርዶ የቀረውን ማውጣት።
በእኔ ሙያ የቆመ ነገር የተበላሸ ነው፤
ክዳኑን ፈትቼ፣ ሽቦውን ነክቼ፣ አስነሣዋለሁ።
ይሄ ግን ቆሟል። ቆሞም ጤነኛ ነው።
ምኑን ልፍታው?

የመጀመሪያውን ወር እጄን በላኝ።
በቀን ሦስቴ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትኩ፤
ደርቆ እንደሆን፣ ረጥቦ እንደሆን፣ እንደ ሐኪም ዳሰስኩ።
ቅጠሉ ትንሽ ናት፣ ጠርዟ የመጋዝ ጥርስ፤
ጥቅምት ላይ ነሐስ መሰለች፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ረገፈች በአንድ ሌሊት ነፋስ።
ራቁቱን ሲቀር ነው ያየሁት።
አንዱ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት፣ ቅጥንጥን ቀንበጥ፣ መቶ በመቶ፤
እያንዳንዷ መንታ፣ ያ ሰውዬ አንድ ቀን
መቀሱን ይዞ «እዚህ ጋ ይብቃ» ያለባት።

ጫፎቹን በሲባጎ ሰብስቤ አሰርኩ፣ እንደታዘዝኩት፤
ጋራዥ ውስጥ፣ ከበረዶ አካፋው ጎን አስተኛሁት።

በጥር ቺኑክ ነፈሰ።
ተራራ ተሻግሮ የሚመጣ ሞቃት ነፋስ ነው፤ ደመናው በምዕራብ ቅስት ሠርቶ ይቆማል፤
ትናንት ከዜሮ በታች ሃያ አምስት፣ ዛሬ ጣሪያው ሁሉ ያለቅሳል፤
ሰው ካፖርቱን ይጥላል፣ ውሻ በኩሬው ይዘላል።
ውሸት ነው። አገሬው ያውቃል።
ለዛፉ ማን ይነግረዋል?
እንቡጡ አበጠ። በአምስተኛው ቀን ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነጥብ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ።
እኔም ሞኙ፣ ደስ ብሎኝ፣ በረንዳ ላይ አወጣሁት፣ ፀሐይ ትንሽ እንዲያገኝ፣ እንዲሞቅ።

ያን ሌሊት ደወሉልኝ፦ መሃል ከተማ፣ ሃያ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስት ሰው ሊፍት ውስጥ ቀርቷል።
አወጣኋቸው። አንዷ እጄን ሳመች።
ንጋት ላይ ስመለስ፣
አፈሩ ድንጋይ። አረንጓዴው ጥቁር።

ለወይዘሮ ቶሺኤ ደወልኩ። ዝም አሉ።
ከዚያ፦ «ቅርፊቱን በጥፍርህ ጫር አድርገው።»
ጫርኩ፤ ቡናማ።
ዝቅ አልኩ፤ ቡናማ።
ከአፈሩ አራት ጣት ከፍ ብሎ፣
ቃሪያ አረንጓዴ። እርጥብ።

«እንግዲህ ከዚያ በላይ ያለውን ቁረጥ።»
«ባለቤትዎ የሠሩትን ሁሉ?»
«እሱም ሁለቴ ቆርጦታል፤» የስኒ ድምፅ ተሰማኝ፣
«መጥረጊያ ያልቃል፣ ልጄ፤ እጀታ ነው የሚቀር» አሉኝ።

በመጋዝ ቆረጥኩ። ቁስሉን በሰም ደፈንኩ።
የአርባ ስምንት ዓመት ጭራሮ በአንድ የወረቀት ከረጢት ገባ፤
ከረጢቱን እስካሁን አልጣልኩትም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤
ይሄኛው መሄድም አላማረው፤
ግንቦት አጋማሽ፣ ከጉቶው ዙሪያ፣ ሰባት እንቡጥ አወጣ፣ ዝም ብሎ።
ሁለቱን አስቀረሁ። አምስቱን በጥፍሬ ቀጠፍኩ፣ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ፣ «እዚህ ጋ ይብቃ» ብዬ።

አሁን እያጠጣሁት ነው።
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንዘፈዘፋል፤
አንድ የዕቃ ሊፍት ቆሟል የሆነ ቦታ፣ ሰው የለበትም፣ የሶፋ ጭነት ነው።
ውሃው በአፈሩ ጠጠር መሃል መንገዱን እየፈለገ ነው።
ከገበታው ሥር አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች፤
ገና አልወደቀችም።