ቦንዳ ሲፈታ

ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ሰኞ ገበያን ሲያለብሰው፣
እኔና ይመኙሻል ጎንበስ ብለን ጠፍሩን በምላጭ ስንበጥሰው፣
ቦንዳው ቡፍ ብሎ ይተነፍሳል፣ መንገድ እንዳደከመው እንግዳ፤
አርባ አምስት ኪሎ የታጨቀች ዓለም፣ የተገዛች በዕዳ።

ካርታ ያየሁት ስድስተኛ ክፍል ነው። መምህር ገዳሙ በጠመኔ
ምድርን መቀነት አስታጥቀው "ሐሩር፣ ለዘብተኛ፣ ዋልታ" ሲሉ፣ ከኋላ አንቀላፍቼ እኔ።
ዛሬ ግን በጣቴ አነባለሁ፤ ገበር ገልብጬ፣ ስፌት ዳስሼ፤
ማን ምን ያህል እንደሚበርደው አውቃለሁ፣ የማላውቀውን ሰው ኪስ ፈትሼ።

ይኸ ካፖርት ለምሳሌ፣ ዚፕ ላይ ዚፕ፣ ዚፑ ላይ ቁልፍ፤
የተሰፋው ጠዋት ለሚረግፍ ውርጭ አይደለም፣ መንፈቅ ቆይቶ ለሚያልፍ
በረዶ ነው። ከዚፑ ጫፍ ገመድ ተንጠልጥሏል፣ ጓንት ያጠለቀ እጅ እንዲስበው፤
እዚያ ሰው ጣቱን አያወጣም፣ አየሩ ቆንጥሮ እንዳያስቀረው።
በውስጥ ኪሱ የአውቶቡስ ትኬት፣ ፊደሉ የማላውቀው፤
አንድ ሰው ተሳፍሯል፣ ወርዷል፣ ሞቆታል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይወቀው።

ይኸኛው ሸሚዝ ደግሞ ነፋስ ነው ማለት ይቻላል፤ ዘንባባ ተስሎበት፣
ኮሌታውን ላብ አንጥቶታል፣ ገበር የሚሉት ነገር የለበት፤
ቀን ተኝቶ ማታ የሚነግድ አገር ይሆናል፣ ፀሐይን በጥላ የሚሸሽ።
ይኸ የላስቲክ ልብስ ሻጋታ ይሸታል፤ ሰማዩ ሲነጋም ሲመሽ
የሚያፈስበት፣ ቤት በእንጨት እግር የሚቆምበት ስፍራ ይመስለኛል፤
"በጨርቅ ጠጠር የምትጥል ጠንቋይ!" ትለኛለች ይመኙሻል።

ወፍራሙ ለደሴ፣ ስሱ ለኮምቦልቻ፤ ሕጋችን ይኸው ነው።
ስሱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነን ሐረጎን ስንወርደው፣
መጀመሪያ ጆሮ ይደፈናል፤ ቀጥሎ ጋቢ ይታጠፋል፤
ረዳቱ ጃኬቱን ወገቡ ላይ ያስራል፣ መስኮት ይከፈታል፤
ቦርከና ብልጭ ሲል፣ ፊት የተቀመጡት ሼህ ሹራባቸውን ከነጥምጥማቸው ይታገላሉ።
መምህር ገዳሙ ወር ሙሉ ያስተማሩት፣ ግማሽ ሰዓት ቁልቁለት ነው ሁሉ።

ደሴ ሰው ልብስ ሲገዛ ክርኑን አይቶ ነው፣ ኮምቦልቻ ሰው ወደ ፀሐይ አንሥቶ፤
አንዱ ቀዳዳ ይፈራል፣ ሌላው ነፋስ የሚያሳልፈውን ይመርጣል አብዝቶ።
ከጨርቃ ጨርቁ ፈረቃ የወጡት ልጆች፣ የጥጥ ብናኝ ቅንድባቸው ላይ ተነስንሶ፣
በረዶ የመታቸው ይመስላሉ፤ ያውም በዚያ ሙቀት፣ ላብ ደረታቸውን አርሶ።

ባለፈው ኅዳር ካፖርቱ ተሳስቶ ከስሱ ጋር ወረደ።
በባቲ መኪና የመጣ ሰው፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ወደኛ ተራመደ።
ሁመድ ይባላል። ያንኑ አነሣ። ሳቅን። "የበረዶ ነው እኮ፣ እናንተ ታች ሰው ይቀቅላል።"
"ልጄ ቦሩ ሜዳ ተኝታለች" አለ፤ "ሌሊት አስታማሚ ከደጅ ነው። ይበርዳል።"
አልተከራከረም። እኔም የጠራሁትን ዋጋ መልሼ ዋጥኩት፤
ዚፑ እንዴት እንደሚሳብ በገመዱ አሳየሁት።

ጥር ላይ መለሰው፤ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት።
"ልጅቱስ?" "ድናለች። ይኸ ግን እኛ ዘንድ ግመል የሚያስበረግግ ፍጥረት
ሆነ፤ ውሰጂው።"
              ኪሱን ገባሁበት። ትኬቱ አለ።
ከጎኑ የጨው ስባሪ፣ የጥርስ ያህል።
ይመኙሻል "አራግፊው" አለች። እጄ እምቢ አለ።

ማክሰኞ ማታ፣ ደሴ፣ ብርዱ እንደ መርፌ ሲዋጋ፣
የሌሊት ዘበኛው አሊጋዝ መጣ፣ የሚያነጋው ነገር ፍለጋ።
ለካው። ሰፋው፤ አልከፋውም። እጁን ኪሱ ከተተ፤
ጣቱን አውጥቶ በመብራቱ ተመለከተ፤
ላሰው። "ጨው ነው" አለ፣ ግራ እንደ ተጋባ።
"ከዋጋው ጋር ነው" አልኩት፤ ዚፑን እየሳበ ወደ ጭጋጉ ገባ።