ኪሎ የማትሞላ

ኮሎምቦ ላይ ዝናብ፤ ከሙዚየሙ ጓሮ፣
በሚያፈሰው ጣራ ሥር ባልዲ ተደርድሮ፣
ያሳዋቲ ሳበች ዝገት የያዘውን
መሳቢያ፣ የድመት ዘር አጥንት ያዘለውን።

አንዱ የራስ ቅል ቡጢ ያህላል፣ ወፍራም፤
ሌላው ግን ከሎሚ እምብዛም አይበልጥም።
የአንድ ሆድ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ዓሣ አጥማጅ፣
ረግረግ ውስጥ ጠላቂ፣ ሸርጣኑን የሚፈጅ፤
አንዷ ዝገት መሳይ ነጠብጣብ ለባሽ፣
በደረቅ ሣር መሀል የአይጥ ጎሬ አሳሽ፣
ኪሎ የማትሞላ።

"ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" አሉ፤
እውነት ነው፤ ሁለቱም ጥፍር ይስላሉ፣
ሁለቱም አድፍጠው ጆሮ ይጥላሉ።
ዓመሉስ አንድ ነው። ታዲያ ማነው ሰፊው፣
ለአንዷ አጥብቦ ቆርጦ፣ ለሌላው ያሰፋው?

ጠረጴዛዋ ላይ ዛፍ አለ፣ በእርሳስ፤
ቅርንጫፉ ዛሬ፣ ግንዱ ድሮ ድረስ።
ጫፍ ጫፉ ላይ ቁጥር፤ ሥሩ ጋ ግን ባዶ፤
እናቲቱን ማንም አልመዘነም ወርዶ።
ሦስት ኪሎ ትላለች። በላጲስ ታጠፋለች።
አምስት።
ታጠፋለች።
ትንሿ ናት ያነሰች? ወይስ እናት አንሳ፣
ልጁ ነው የፋፋ በረግረጉ ዓሣ?
ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

ነብሩም አለ፤ ታይገር ባሕሩን ሳይሻገር
የቀረለት ነብር፣ ብቻውን በአገር፤
ከልካይ ቢያጣ ጊዜ ትከሻው ደደረ፣
ይባላል። መዝገቧ "ይሆናል" ብሎ ቀረ።

ሰኞ፣ ከሃምባንቶታ፣ ዊጄሲሪ መጣ፣
ካርቶን ታቅፎ፣ ላቡ በአንገቱ እየወጣ።
"የነብር ግልገል ነው፤ ከዶሮዬ ቤት
ውሻዬ ገደለው። ይኸው ሦስት ሌሊት
እናቱ ትመጣለች ብዬ አልተኛሁም።
ልጆቼንም ወደ ደጅ አላወጣሁም።"

ካርቶኑን ከፈተች። ቀላል፣ እንደ ኮፍያ።
ከንፈሯን በአውራ ጣት ገለጥ አደረገች፤
ክራንቻዋ ዶልዱሟል፣ መንጋጋዋ አልቋል፣
የድዷ ሥር ተራቁቶ ወደ ቡኒ ሄዷል።
"ግልገል አይደለችም" አለችው፤ "አሮጊት ናት።
ስንት ጊዜ ወልዳለች፤ ጡቷን ተመልከት።"

ሰውየው ዝም አለ።
ባልዲው ጠብ፣ ጠብ አለ።
"ይችን ታህል? ጨርሳ?"
"አዎ፤ እድገቷን ጨርሳ።"

ሚዛኑ ዘጠኝ መቶ ግራም ላይ ረጋ፤
ጻፈችው በእርሳሷ ከቅርንጫፉ ጋ።
ዊጄሲሪ ግን ገና ከበሩ አልራቀም፤
ባዶ ካርቶኑን አቅፎ፣ ዓይኑን አላረቀም፦
"እናቷስ ታዲያ? አትመጣም?"

ያሳዋቲ ከዛፉ ሥር የሳሳውን አየች፣
ላጲስ የበላውን።
"እኔም" አለች፣ "እሷን ነው የምጠብቅ።"