የሌሊት ፈረቃ

ሮንዳ ሸለቆ፣ ዌልስ። ሰኞ ነው፣ ይዘንባል።
ፖስተኛው አድርሷል አንድ ትንሽ ጥቅል፣
ላዩ ላይ ተጽፎ፦ «ለታማሚ ኢድዋል»።
ከፈትሁት። የሻይ ከረጢት የምታህል
መረብ፤ ውስጧ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ትል፣
ሁለት መቶ ይሆናል፤ ከሰሊጥ ያነሰ፣
የአረንጓዴ ዝንብ ዘር፣ ገና ያልጎረሰ።

ሽማግሌው አየ። ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ።
«ለዚህ ነው ወይ፣ ቴግዌን፣ ሰው ሲፈራ ያለቀ?
መቃብር እንገናኝ ብዬው ነበር ድሮ፣
እቤቴ መጣ ወይ፣ ቀኑን አሳጥሮ?»

እግሩ ሁለት ዓመት አልድን ብሎታል፤
ስኳሩ ተረከዙን ጥቁር አልብሶታል፤
ሽታው ከኔ ቀድሞ በር ይከፍትልኛል።
ቅባቱን፣ ክኒኑን ስንቴ ሞከርንበት፤
ሐኪሙም በብዕር መስመር አስምሮበት
ነበር፣ ከጉልበት ሥር፣ የሚቆረጥበት።

አሰርሁት። መረቡን ቁስሉ ላይ አኖርሁ፣
እርጥብ ጋዝ ደረብሁ፣ በፋሻ ጠቀለልሁ፣
«ሦስት ቀን ነው» አልሁት፣ «አትርገጠው» አልሁ።

ማክሰኞ ስመለስ ሌሊቱን አልተኛም።
«ያሳክክሃል?» ብለው፣ «ኧረ እሱስ አይደለም፤
ይሠራሉ እንጂ። እሰማቸዋለሁ።
እኔም እንደነሱ ሃያ ስድስት ዓመት ኖርሁ፣
በሆዴ ተስቤ፣ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ፣
ፀሐይ ሳላይ ውዬ፣ ጨለማ ስቆርጥ።
የትኛው እንደሚወድቅ፣ የቱ እንደሚሸከም
በጥፍር ነው የሚለይ፣ ዓይን እዚያ አይጠቅም።
እነዚህም ያውቃሉ፤ የበሰበሰውን
ነው እንጂ አይነኩም የሚሸከመውን።»

እኔ የተማርሁት ሌላ ነው፦ ጥርስ የላቸው፣
የሞተ ሥጋ አቅልጦ መጠጣት ነው ሥራቸው።
ግን አላረምሁትም። ጉድጓዱ ተዘግቶ፣
ጓዶቹን በሙሉ የከሰል ሳል በልቶ፣
ባልደረባ ሲያገኝ በስተርጅና ሰው
መጽሐፍ ገልጬ እንዴት ልመልሰው?

ሐሙስ ፋሻው ሲፈታ እነሱ ወፍረዋል፣
ሩዝ አክለዋል፣ ጠግበው ተደጋግፈው ተኝተዋል።
ከሥራቸው ግን ቀይ፣ ልክ እንደ ሕፃን ድድ፣
ሥጋ አለ፤ ብነካው ደም የሚወልድ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቱን ያዞረበት፣
መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለበት።

ትሎቹን ሰብስቤ በቢጫ ከረጢት
ልቋጥር ስል ያዘኝ፦ «ወዴት ነው፣ ወዴት?»
«ወደ ማቃጠያው፤ ሕጉ ነው» አልሁት።
«ዝንብ አይሆኑም?» «አይሆኑም።» «ጡረታስ?» ሲለኝ
ሳቄ መጣ፤ እሱ ግን አልሳቀም፣ አየኝ።
«ጉድጓዱ ሲዘጋ እንዲህ ነው የሸኙን፤
እግዜር ይስጥልኝም ሳይሉ ነው የረሱን።»

ከዚያ በጣቱ አንጓ የአልጋውን ብረት መታ፦
አንድ። ሁለት። ሦስት። በየመሐሉ አፍታ።
ድሮ፣ ከጉድጓድ ሥር ወደ ላይ ሲወጡ፣
ሦስት ምት ማለት፦ ሰው አለ፤ ቀስ ብላችሁ አውጡ።

ከረጢቱን ቀስ ብዬ ነው ያነሣሁት።