የቅዳሜ ቃለ ጉባኤ

ተገኙ፦ አሥራ አንድ ሰው። ቀሩ፦ ሦስት፤
አንዱ ለቅሶ፣ አንዷ አራስ ቤት፣
አንዱ «ሥዕል አይበላ» ብሎ የተቆጣ ዕለት።

ቦታ፦ ፈረንጅ አራዳ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ፣
ጣሪያው የጅማን ዝናብ በጆንያ የሚቀዳ።
ሰብሳቢ፦ መምህር ጥላዬ። ጸሐፊ፦ እኔ ሹኩሪያ፣
የወፍጮ ቤት ሒሳብ ያዥ፣
ጊቤን ተሻግሬ የማላውቅ እስከዚያ።

አጀንዳ አንድ፦ የስፔን ሥዕል።
መምህሩ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠሩ፣
«ጨለማውን ቀድማችሁ እዩት» ብለው ጀመሩ፤
«እነዚህ ሰዎች ብርሃንን ከጨለማ ነው የሚቆርሱት፣
እንደ ደረቅ ዳቦ፣ ፍርፋሪው እንዳይ...»

መብራት ጠፋ።
ሳቅን። ሳቁም ይመዝገብ ተባለ፤ ተመዝግቧል።

ስልካችንን አብርተን አንድ የታተመ ወረቀት ከበብን።
ጠቦት ነው፤ አራት እግሩ ባንድ ገመድ፣
ግራጫ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል፤
ከኋላው ጥቁር፣ ከጥቁሩም ወዲያ ጥቁር።
መምህሩ ስለ መሥዋዕት አስረዱ፣ ስለ ገዳማቱ፣
ሱፉን አንድ ባንድ ስለ ቆጠረች ብሩሽ።

ከኋላ ወንበር አባ ተማም ተነሡ።
«ሠላሳ አራት ዓመት ሂርማታ በግ ሸጫለሁ።
ይሄን ያሠረ ሰው ሌባ አይደለም፣ ችኩልም አይደለም።
እዩት፣ ገመዱ ከሰኮናው ከፍ ብሏል፣
ቆዳውን እንዳይልጠው።
ሊያርደው ነው፤
እንዳያመው ግን ተጠንቅቋል።»
ተቀመጡ።
የተነገረን ብርሃን ሁሉ እዚያች ቋጠሮ ላይ ቀረ።

እንደ ውሳኔ ጻፍሁት፦
የሚያውቅ ሰው ባለበት ባዕድ ሥዕል የለም።
ኋላ ሰረዝሁት። ውሳኔ አልነበረም፤
ማንም እጁን አላወጣም።

አጀንዳ ሁለት፦ የጋራ ጉብኝት።
አዲስ አበባ ዐውደ ርእይ መጥቷል ተባለ፣
ከራሱ ከስፔን፣ ቅጂ ያልሆነ።
አዋጣን፤ ሚኒባስ ተከራየን።
ረዳቱ «ሠርግ ነው?» ቢለን
«አዎ፣ ሙሽሪት ግን ግድግዳ ላይ ናት» አሉት አባ ተማም።

ጊቤ ቁልቁለት ላይ ጎማ ፈነዳ።
ወርደን ቆምን፤ በረሃው እንደ ምጣድ ይፋጃል።
የወይዘሮ ፈትለወርቅ ዣንጥላ
ግማሽ ፊታቸውን ጠል አለበሰው፣
ግማሹን ለፀሐይ ተወው።
ያዘዘን የለም፤ አሥራችንም ዞረን አየናቸው።
«ምን ሆናችኋል? ጥቀርሻ ነካኝ?»
ማን ምን ብሎ ይመልስ።

ስንደርስ አዳራሹ ሊዘጋ ነው። ዘበኛው «አሥር ደቂቃ» አለ።
ጠቦቱ የለም፤ አገሩ ቀርቷል።
ያለው አንድ ጥቅል ጎመን፣
በቀጭን ክር ከመስኮት ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ሁለት ሎሚ።
«ለዚህ ነው ከጅማ የመጣነው?» አለ ነጂብ፤
ጎመኑን መንደራ ጉልት በየቀኑ ያየዋል።
ከዚያ እሱም ዝም አለ።
ክሩ የሚዞር ይመስላል፣
አንድ ሰው አሁን ለቅቆት፣ አሁን ከክፍሉ እንደ ወጣ።
ዘጠኝ ደቂቃ ጎመን አየን።
በአሥረኛዋ ዘበኛው መጥቶ አጠገባችን ቆመ፤
ሁለት ወር ሲጠብቀው፣ ለካ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።
የሚዘጋበትን ሰዓት ማንም አላስታወሰውም።

ልዩ ልዩ፦
ሐሙስ ገበያ ዘይት ልገዛ ወጣሁ።
አባ ተማም ጠቦት አሥረው ተቀምጠዋል፤
ደመናው ተሰነጠቀና
አንዲት ዘለላ ጸዳል የጠቦቱ ጎን ላይ ወደቀች።
ገዢው ብሩን ቆጥሮ ዘረጋ። «አንሣልኝ» አለ።
አባ ተማም ገንዘቡን አልተቀበሉም፤
«ትንሽ ቆይ፣ ይቺ ብርሃን ትለፍ።»
ሰውዬው ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፣
ዝናብ የተባለ መስሎት።

ቀጣይ ስብሰባ፦ ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት።
አንሶላ የምታመጣ፦ ጸሐፊዋ።
ሻማ፦ ሁሉም ሰው።