ይግባኝ የሌለው

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣
ሣር ገና ያላበቀለ ሜዳ አለን፤
ቤዞቹ አሸዋ የጎረሱ የማዳበሪያ ከረጢቶች፣
የመቺዋ መቆሚያ ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጠ።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳኛ።
ሥልጠና ላይ የነገሩን ነገር አይረሳኝም፦
እግርን በዓይን ያዝ፣ ኳስን በጆሮ፤
ሁለቱን ባንድ ዓይን አታሳድድ፤
ጫማው ከረጢቱን ሲረግጥ እይ፣
ጓንቲው «ጧ» ሲል ስማ፣
ከዚያ ፍረድ።

ሲፈን መታች። ሮጠች።
ያብስራ ከአቧራው ለቅሞ ወረወረ።
ዓይኔ ከረጢቱ ላይ፣ ጆሮዬ ጓንቲው ላይ፣
በዚያችው ቅጽበት
ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ
ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀይሮ አገሳ።

እግሯን አየሁ።
ኳሷን ማን ይስማ?

ዳኛ «አላውቅም» አይልም።
ቡጢዬን አነሣሁ፦ «ወጥታለች!»

አምበሏ መጣች፣ ደንቡን እንደ ውኃ የጠጣች፣
«መምህር፣ ይግባኝ አለን።»
«ሕጉን አጣምሜ ከሆነ፣ አለሽ፤
ዓይኔ ካጣመመ ግን የለሽም» አልኳት።
ልክ ነበርኩ። አንቀጹም እንደዚያው ይላል።
ስለ ጆሮዬ አልጠየቀችኝም።

ሲፈን ጉልበቷን አራገፈች፣
አንዲት ቃል ሳትተነፍስ
ከመስመሩ ወጣች።

አሁን መሽቷል። አራተኛ ፎቅ ላይ
ፈተና አርማለሁ፤
የሷ ወረቀት ከሥር ነው፣ ገና አልደረስኩበትም።
ከታች መኪና ባለፈ ቁጥር
ቀዩ እስክሪብቶ ይቆማል፣
ከሞተሩ ጩኸት ሥር
«ጧ» የምትል ነገር
ቀድማ እንደሆን፣ ዘግይታ እንደሆን
አዳምጣለሁ።