የመጠየቂያ ዋጋ

ጦሳ ጉሙን ጥሎ ቧንቧ ውሃ ሲደርስ፣
ሱቄን እከፍታለሁ፤ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ
ደብተሬን ዘርግቼ ሂሳብ እሠራለሁ።
«አሥር ዶላር በወር» — ደግሜ አነባለሁ።

አንድ የፍለጋ ቤት፣ ማስታወቂያ የሌለው፣
«ከፍለሽ ጠይቂኝ» ይላል፤ አዲስ ወግ አይደል ይኼው!
መቶ በነጻ ሰጥቶኝ፣ በቁጠባ ስጠቀም፣
ዛሬ ሰባት ቀረኝ። ከሰባት በኋላ የለም።

ሰባት።
እንደ ስኳር በማንኪያ ተለክቶ።
ጥያቄ ይሰፈራል እንዴ? ማን ሲሰፍር አይቶ?

አሥር ዶላር ማለት በሱቄ ሲመነዘር፣
ሦስት መቶ ገጽ ኮፒ፣ ያውም መብራት ሲኖር፤
ወይ የልጄ ታክሲ እስከ ወሩ ማብቂያ፣
ወይ ግማሽ ኩንታል ከሰል ከሰኞ ገበያ።
ዶላሩስ ከየት ነው? የባንኬ ካርድ አይሄድም፣
ከሐረጎ ቁልቁለት ወዲያ ማንም አያውቀውም።

ወንድሜ ኑርሁሴን ከጅዳ ሆኖ ሳቀ፤
«ነጻው ሞልቶ ሳለ ክፍያ ማን ናፈቀ?
እት ዘሃራ፣ ደህና ነሽ? ብርዱ ነው የመታሽ?
ጠየቅሽኝ ብሎ የሚያስከፍል ሰው የት አየሽ?»

እውነቱን ነው። ነጻው አንድ ቀን አኩርፎኝ አያውቅም፤
የምስር ዋግ ብጠይቀው፣ የኩላሊት ጠጠር፣
የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የሚወጣበትን ወር፣
ሲመልስ ይውላል፤ አይሰለች፣ አይደክም።
ደላላ ይመስላል፤ ሸጋ ነው አቀባበሉ፣
ሰው ሲያዞር ይውላል፣ ከሻጭ ነው አበሉ።

ባለፈው ጥቅምት ነው። ሐያት የምትባል ልጅ፣
ከኩታበር የመጣች፣ ፎቶዋን ይዛ በእጅ፣
«የዱባይ ሥራ ቪዛ ፈልጊልኝ» አለች።
ፈለግኩ። አንዷ መልስ ከሁሉም ቀድማ ፈካች፤
ከጥጓ ላይ በግራጫ፣ በጉንዳን እግር ፊደል፣
«ማስታወቂያ» ይላል። ያንን ማን ያስተውል?
አትሜ ሰጠኋት። አምስት ብር ተቀበልኩ።
እሷ ስንት እንደላከች ኋላ ከእናቷ አወቅኩ።
ላሚቱን ከነጥጃዋ ሸጠው ነበር፣ ለካ።
ስልኩ ዝም። ቢሮው ዝም።
ቢሮውም የለም ነበር፣ ለካ።

ከደላላው አበል እኔም አምስት ብር ተካፍያለሁ።
ዳኛ ባይጠይቀኝም ይኸው እቆጥራለሁ።

ስለዚህ ነው ይኼ ሁሉ ደብተር ላይ ማመንታቴ።
የሱቁ ኪራይ ደርሷል፤ ክረምት ያፈስሳል ቤቴ።
«ንጹሕ መልስ» ቢለኝም፣ የሸጠ ሁሉ ነጋዴ ነው፤
የምከፍለውስ ሰውዬ፣ እሱንስ ማን መዘነው?
አማርኛ ላይ ሲደርስ እሱም ይንተባተባል፤
«ኩታበር» ብዬ ብጽፍለት «ኩባ ማለትሽ ነው?» ብሏል።

ማክሰኞ ማታ ግን ኑርሁሴን ደወለ፤
«ከፈልኩልሽ። ለአንድ ወር ነው። ሁለተኛ አልሰማሽም» አለ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ጣቴን በትንፋሼ አሙቄ፣
የዚያን ኤጀንሲ ስም ጻፍኩ፣ ፊደሉን አጥብቄ።
ጠበቅኩ።
ነጭ ገጽ። አንድ መስመር። ከሥሩ ሌላ የለም፤
«ምንም አልተገኘም።»

ሐያትን አስጠርቼ አሳየኋት። አነበበች።
ሁለቴ። ከዚያ «አሥር ዶላሩ ይኼ ነው?» አለች።
«ይኼ ነው» አልኳት።
እሷ ስትወጣ ደብተሬን ስቤ እስክሪብቶዬን ያዝኩኝ፤
ወጪ ልበለው ወይስ ገቢ ስል፣
መብራት ሄደ፤ እንደያዝኩት ቀረሁኝ።